ከጎኑ የፈነዳው ጎማ

ከዚህ በታች ያለው ነገር ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ነጥብ ድረስ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬበት ከሆነ ፖምፓዬ እጄ ላይ ይሰንጠቅ፣ የጠገንኩት ብስክሌት ሁሉ በአንድ ጀምበር ይተንፍስ፣ ይሄ ሰፈሩ ሁሉ የሚቀናበት ጢሜም አንድ በአንድ ይርገፍ። እንዲያውም ቀነስኩ እንጂ አልጨመርኩም። ሙሉውን ባወራው የሚያምነኝ ስለማይገኝ ግማሹን ለራሴ አስቀርቻለሁ።

ደሜ ግን አሁንም እንደፈላ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ቦታ ላይ ድምፄ ከፍ ቢልባችሁ ታገሱኝ። ሴትን ልጅ በማያውቁት ነገር ጥፋተኛ ማድረግ፣ በሠራችው ሥራ እንጀራዋን ከአፏ ለመንጠቅ መነሳት፣ እሱን ሳስብ ዛሬም አንጀቴ ይበግናል።

መድፍ ነው የሚሉኝ። ስሙ የወጣልኝ በድምፄ ነው። አንድ ቀን ሱቄ ውስጥ ሆኜ ሳስነጥስ፣ ማዶ ያለው ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ የነበሩት ጠርሙሶች ቦታ ተቀያየሩ፤ ፋርማሲስቷ ስንት ጊዜ የሳሉን ለራስ ምታት፣ የራስ ምታቱን ለሳል ስትሰጥ ከረመች፤ የሚገርመው ሁሉም ዳነ። ሥራዬ ብስክሌት መጠገን ነው። ሱቄ የአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ነው፤ ጣሪያው ከደረጃው ጋር አብሮ ስለሚወርድ ከውስጥ በኩል ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ጠባብ ነው የሚሉ ምቀኞች አሉ። ሱቁስ ሰፊ ነው፤ እኔ ግዙፍ ሆኜ ነው። ግድግዳው ላይ በየምስማሩ ቸርኬ ተሰቅሏል፤ መሬት ላይ ቀዳዳ የምፈልግበት የውኃ ሳፋ አለ፤ የማስቲሹ ሽታ ደግሞ ለለመደው ከሽቶ ይበልጣል። ዓይኔን በጨርቅ እሰሩና ጎማ ስጡኝ። ዳብሼ ብቻ ማን እንደሚነዳው፣ ምን እንደሚጭንበት፣ ሰውዬው ማታ በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ እነግራችኋለሁ።

እንዲህ ያለ ወንድም ያላት ሴት ጎማ ፈንድቶባት ትሰደባለች? እሱ ነው ነገሩ።

ታናሽ እህቴ ዳቦ አከፋፋይ ናት። ከዳቦ ቤቱ ጓሮ በብስክሌት ትወጣለች፤ ከፊት ቅርጫት፣ ከኋላ ሰፊ ሣጥን፤ በቅርጫቱ ዳቦ፣ በሣጥኑ ኬክ። ለየሱቁ፣ ለየሆቴሉ፣ ለሆስፒታሉ ካፍቴሪያ እያዳረሰች ባዶዋን ትመለሳለች፣ እንደገና ትጭናለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለቱን ሴት ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ብስክሌት ላይ ተቀምጣ ነው። ብስክሌቱ የዳቦ ቤቱ ነው፤ እግሩ የሷ ነው። ጥገናው ደግሞ የኔ። ጠዋት ጠዋት በሱቄ በኩል ስታልፍ ሁለቱንም ጎማ ራሴ እነፋላታለሁ። እኔ የነፋሁትን ጎማ በመዶሻ ብትመቱት መዶሻው ተመልሶ ግንባራችሁን ነው የሚያገኘው።

የዚያን ዕለት ረፋድ ላይ አንድ የተጣመመ ቸርኬ እያቃናሁ ነበር። ከመንገዱ ጫፍ፣ አደባባዩ ጋ፣ ድው! የሚል ነገር ተሰማ። እንዴት ያለ ድምፅ መሰላችሁ! ትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካውን ሊውጥ ምንም አልቀረው። ቆመው የነበሩ መኪኖች ሞተራቸው ተነሳ፣ ተነስተው የነበሩት ጠፋ። የፎቁ ጣሪያ ላይ የነበሩት እርግቦች እንደሄዱ ሄዱ፤ እስከዛሬ አልተመለሱም። እኔ ግን ቸርኬውን አስቀምጬ፣ «ጎማ ነው፤ የኋላ ነው፤ ከጎኑ ነው» አልኩ። በድምፁ ብቻ።

ጥቂት ቆይታ እህቴ ብስክሌቱን እየገፋች መጣች። ቀሚሷ አቧራ ለብሷል፣ ጉልበቷ ተልጧል፣ ቅርጫቱ ባዶ ነው። የኋላው ጎማ ቸርኬው ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ፣ አየር የሚይዘው የውስጡ ጎማ፣ ከመነዳሪው፣ በተቀደደው በኩል እንደ አንጀት ወጥቶ ይጎተታል።

«ጋሼ፣ ደግሞ ሄደ» አለችኝ።

«አንቺስ? ተጎዳሽ?»

«እኔማ ደህና ነኝ። ዳቦው ግን አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። ግማሹን መኪና ሄደበት።»

«ዳቦው ገደል ይግባ፣ እህት ዓለም! ነይ ቁጭ በይ። ውኃ ልስጥሽ።»

እዚህ ላይ እንዴት ባለ ልስላሴ እንዳናገርኳት ልብ በሉልኝ። ከውጭ ሰው ጋር መድፍ ነኝ እንጂ ከእህቴ ጋር ድምፄ ሕፃን ከሚያስተኛ ሰው ድምፅ አይበልጥም። በርጩማዬን ሰጠኋት፣ ጉልበቷን በንጹሕ ጨርቅ ጠረግሁላት፣ ጎረቤት ሁሉ «ወንድም ማለት እንዲህ ነው» እስኪል ድረስ።

ከዚያ ነገረችኝ። ባለ ዳቦ ቤቱ በአጋጣሚ አደባባዩ ጋ ነበር፤ ሁሉንም አይቷል። እሷን እንኳ ከመሬት ሳያነሳ፣ ሰው ፊት፣ «አነዳድሽ ነው ጎማ የሚበላው! የሌሎቹ ሁሉ ሲከርም ያንቺ ብቻ ለምን ይፈነዳል? ሌላ አንድ ጎማ ከፈነዳብሽ ብስክሌቱን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ፤ አንቺም ሌላ ሥራ ፈልጊ» ብሏታል።

«እንዲህ አለሽ?»

«እንዲህ አለኝ።»

«በዚህ አፉ?»

«በየትኛው አፉ ይበል ጋሼ? ያለው አንድ ነው።»

ዓይኔ ደም ለበሰ። ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ፀጉሬ አንድ ነገር ሲወጣ ይታወቀኛል። የእህቴን ሥራ! በዝናብ በፀሐይ ስትዳክር የኖረችበትን! አንድ ተጨማሪ ጎማ ቢፈነዳ አለቀ ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ጎማው ለምን እንደሚፈነዳ ካላወቅሁ ነገ የማስገባላትም ጎማ መፈንዳቱ አይቀርም። ብስክሌቱን ገለበጥኩት፤ በኮርቻውና በመሪው አቆምኩት፤ ጎማውን እንደ ዶክተር ፈታሁት።

እናንተ የማታውቁትን ላስተምራችሁ። ሰው ሁሉ ጎማን የሚመዝነው በጥርሱ፣ መሬት በሚነክሰው ፊቱ ነው። ሲገዛ ጥርሱን ያያል፣ ሲጥለውም ጥርሱ አለቀ ብሎ ነው። የዚህኛው ጥርስ ግን ገና አዲስ ነበር፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚኖሩት ቀጫጭን የላስቲክ ፀጉሮች እንኳ አልረገፉም። ምስማር የለበት፣ ጠርሙስ የለበት። ያለቀው ጎኑ ነው። ከቸርኬው ከንፈር ትንሽ ከፍ ብሎ ጎማውን ዙሪያውን የሚዞር አንድ መስመር አለ፤ እዚያ ላይ ላስቲኩ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ገለጥ ሳደርገው ከሥሩ ያለው ክር ተበጣጥሶ ተበጣጥሶ አልቋል። የጎማ ጎን እኮ ክር ነው! ድርና ማግ ነው፣ ላዩ ላይ ስስ ላስቲክ የተቀባ። ያ ክር ነው አየሩን አቅፎ ሸክሙን የሚችለው። ክሩ ሲያልቅ አየሩ ያገኘበት ቦታ ይፈነዳል።

የመንገድ ጠርዝ ቢሆን አንድ ቦታ ነው የሚቆርጠው። ይሄ ዙሪያውን ነው፣ በሁለቱም ጎን። እንግዲህ ይሄ የነጂ ጥፋት አይደለም። አይደለም አልኩ!

«ጎማ ሻጩ ነው!» አልኩ። «ያ ፈገግታ! የበሰበሰ ጎማ ሸጦልኛል!»

ፈገግታ የምንለው ጥርሱ ከንፈሩ ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ሰው ስለሆነ ነው። ሱቁ ከገበያው መግቢያ ነው። በሩ ላይ ጎማ እንደ ልብስ ተሰቅሎ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይመታዋል። ፀሐይ የሚመታው ጎማ ደግሞ ጥርሱ ሳይነካ ጎኑ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ይህን የማያውቅ ጎማ ሻጭ መታሰር አለበት፤ እያወቀ የሚሸጥ ደግሞ... የሱን ቅጣት እንኳ ገና አልወሰንኩም።

የፈነዳውን ጎማ አንገቴ ላይ አጠለቅሁት። ከዚያ በፊት የፈነዱትንም ከጥግ አንስቼ ደረብኳቸው። እንዲህ ሆኜ ገበያውን አቋርጬ ስሄድ ሰዉ ሥራውን እየጣለ ይከተለኝ ጀመር። መጀመሪያ ልብስ ሰፊዎቹ፣ ቀጥሎ ሽንኩርት ሻጮቹ፣ ቀጥሎ ምኑም ያልገባው ሁሉ። ፈገግታ ሱቅ ስደርስ ኋላዬ የተሰለፈው ሕዝብ ጫፉ አይታይም ነበር።

«አንተ ፈገግታ! ና ውጣ!»

«መድፍዬ! ምን ሆነህ ነው? ግባ፣ ቁጭ በል።»

«አልቀመጥም! ይሄ ምንድን ነው?»

አንገቴን አየና፣ «ጎማ ነው» አለ።

«ጎማ ነበር በል! አሁን ወንፊት ነው!»

«ከኔ የገዛኸው ነው?»

«ካንተ ካልገዛሁት ከየት አመጣሁት? አምጬ ወለድኩት?»

ሕዝቡ ሳቀ። ፈገግታም ሳቀ፤ እሱማ ሞት ፊትም ይስቃል። አንዱን ጎማ ከአንገቴ አወጣና ወደ ብርሃን ያዘው። ጎኑን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ከውስጥ በኩል ገልብጦ ጣቱን አዞረው፤ ጣቱ ጥቁር ዱቄት ለብሶ ወጣ።

«ስንት ጊዜ ትነፋዋለህ?» አለኝ።

«በየቀኑ! እንደ ድንጋይ!»

«ይሄ ግን እንደ ድንጋይ ሆኖ አልሄደም። አየሩ ጎድሎ፣ ከባድ ጭነት ላዩ ላይ ተቀምጦ ነው የሄደው። እይ ይሄን ዱቄት፤ ጎማውና ከመነዳሪው ሲፋተጉ ነው። ለስላሳ ጎማ ላይ ስትጭን ጎኑ እጥፍ ይላል። በዞረ ቁጥር እጥፍ፣ ቀና፣ እጥፍ፣ ቀና። ሽቦ እንዲያ ብታደርገው አይሰበርም? ክርም ይሰበራል።»

«የሰቀልካቸውስ? እነዚህ በፀሐይ የተጠበሱት?»

«እነሱ ማሳያ ናቸው። ላንተ የምሰጥህ ከጓዳ እያወጣሁ ነው፤ ረሳኸው?»

እንግዲህ ግልጽ እናድርገው፤ አየሩ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ፈገግታ በአፉ ቀድሞኝ ይሆናል እንጂ ሐሳቡ ከጠዋት ጀምሮ ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር፤ ንዴቱ መውጫ አሳጣው እንጂ። ሰውዬውም ይህን ያውቃል። ከበሩ ላይ አንዱን ማሳያ አውርጄ በሁለት ጣቴ ጠምዘዝ ሳደርገው ጎኑ ተንጫጫ፤ ያን ጊዜ ፈገግታ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ ከንፈሩን ገጠመ። ይቅርታ ጠየቀኝ። ሕዝቡ አጨበጨበ። የሰቀላቸውንም በዚያው ሰዓት አወረደ።

ንዴቴ ግን አልበረደም፤ አድራሻ ቀየረ እንጂ። እኔ ጠዋት እንደ ድንጋይ ነፍቼ የሰደድኩት ጎማ ረፋድ ላይ እንዴት ለስለስ ብሎ ተገኘ? ከመነዳሪው ከፈነዳበት ቅድ ሌላ ቀዳዳ የለውም፤ ያን ለጥፌ በሳፋዬ ውኃ ውስጥ ነክሬ አይቼዋለሁ፣ አንዲት አረፋ አልወጣችም። እንግዲያው አንድ ሰው አስተንፍሶታል። ከሱቄና ከአደባባዩ መሃል ያለው ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ነው።

ዳቦ ቤቱ!

በማግስቱ ማለዳ ለእህቴ ብስክሌት አዲስ ጎማ አስገባሁለት፤ ጣት የማይገባበት አድርጌ ነፋሁት። ቀድሜያት ሄድኩና በጓሮው በር ገብቼ ከዱቄት ጆንያዎቹ ኋላ ተደበቅሁ። የኔን ቁመና ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጆንያ መስዬ ነው የቆምኩት። አንድ ሠራተኛ መጥቶ ሊሸከመኝ ሞክሮ፣ «ይሄኛው ከበደኝ» ብሎ ትቶኝ ሄደ።

ጓሮው ሰፊ ነው። ባንድ በኩል ምድጃው ይነዳል፤ ከሱ የሚወጣው ሙቀት ፊት ይልጣል። በሌላው በኩል የብረት ትሪዎች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። ብስክሌቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ጭነት ይጠብቃሉ፤ እህቴም የሷን አምጥታ አቆመችና ወጣ አለች። ባለ ዳቦ ቤቱ መጣ። ሠራተኞቹ በጓዳ ዱቄት ይሉታል፤ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነው። መጣና ምን አደረገ? ከእህቴ ብስክሌት ፊት ቁጢጥ አለ። ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ጠንካራ ሆነበት፣ ራሱን ነቀነቀ። የመንፊያውን ክዳን ፈታ፣ ውስጥ ያለችውን ቫልቭ በጥፍሩ ነካ አደረጋት።

ፍስስስስ...

ደግሞ ጫን አደረገው። ራሱን ነቀነቀ። ፍስስስ... ሦስተኛ ሲጫነው ጣቱ ገባ፤ የገባበት ቦታ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ያን ጊዜ ፈገግ አለ። አያችሁ ምን እያደረገ እንደሆነ? እንደ ሊጥ ነው የሚመረምረው! ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ሊጥ ሲጫን የኖረ ነው፤ ጣት ሲገባና ቀስ ብሎ ሲመለስ «ደርሷል» ይላል። ጎማውንም «ደርሷል» አለው!

ከጆንያው ኋላ ወጣሁ። እንዴት እንደወጣሁ አልነግራችሁም፤ ምድጃው እንደጠፋ ብቻ እወቁ።

«ምን እያደረግህ ነው፣ አንተ ሰው!»

ቆሌው ተገፈፈ። ዱቄት ባይኖርበት ኖሮ ነጭ መሆኑ ይታይ ነበር።

«አ... አለሰልሳለሁ» አለ።

«ምን?»

«ጎማ ጠንካራ ሲሆን ያንገጫግጫላ! ኬኩ ይሰነጠቃል። ክሬሙ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ሆቴሎቹ አንቀበልም ይላሉ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምናደርገው።»

«የሌሎቹንም?»

«ሌሎቹ ደረቅ ዳቦ ነው የሚጭኑት፤ እሱ ቢንገጫገጭ ምን ይሆናል? ኬክ የምትጭነው እሷ ብቻ ናት። ጠንቃቃ ስለሆነች ነው ለሷ የሰጠሁት።»

ሰማችሁ? ጠንቃቃ ስለሆነች! ለጥንቃቄዋ ከባዱን ጭነት ሸለማት፤ ጎማዋን አስተነፈሰ፤ ጎማዋ ሲፈነዳ ደግሞ ሰው ፊት አዋረዳት! እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ የጮህኩት ጩኸት ይኸውና፤

«አንተ! ይሄ ሊጥ አይደለም! ሊጥ ቢያብጥ ይጋገራል፤ ጎማ ቢለሰልስ ሰው ይገድላል! አደባባዩ ላይ ስትወድቅ ከኋላዋ የጭነት መኪና ቢኖርስ? ያቺን ሴት በአንድ አፍህ ጠንቃቃ እያልክ በሌላው ጎማ በላች ትላለህ? የበላኸው አንተ ነህ! በአውራ ጣትህ ነው የበላኸው!»

አንድ ጆንያ ከድምፄ የተነሳ ከመሃሉ ተተረተረ። ዱቄቱ ጓሮውን ሁሉ ሲሸፍነው ሠራተኞቹ እያሳሉ ከያሉበት ወጡ፤ እጃቸው ላይ ሊጥ እንደያዙ፣ አፋቸውን እንደከፈቱ። እህቴም በዚያው ሰዓት በበሩ ገባች። ሁሉንም አይታለች።

«አላምንም» አለ ዱቄት። «አየር ትንሽ ቢቀንስ ጎማ አይፈነዳም።»

«አታምንም? ውጣ!»

«የት ልውጣ?»

«ከኋላ! ሣጥኑ ቦታ ላይ!»

በአንገትጌው ይዤ አነሳሁት። አንድ እጄ በቂ ነበር። ብስክሌቱ መጫኛ ላይ አስቀመጥኩት፤ ራሴ ኮርቻው ላይ ወጣሁ። ሠራተኞቹን፣ «ጎኑን እዩ! ጥርሱን ሳይሆን ጎኑን!» አልኳቸው። ጓሮውን መዞር ጀመርኩ። ያ ለስላሳ ጎማ ከሥራችን እንደ አሮጌ ጫማ ተረከዝ ወደ ጎን ይተጣጠፋል፤ ቸርኬው መሬቱን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። በዞርን ቁጥር እጥፍ፣ ቀና፣ እጥፍ፣ ቀና። «አየነው!» ይላሉ ሠራተኞቹ። «አውርደኝ!» ይላል ዱቄት። «አነዳዴ እንዴት ነው?» እለዋለሁ። «ጎማ ይበላል?»

ፍጥነቴን ጨመርኩ። ግድግዳው፣ ትሪው፣ ምድጃው፣ ሁሉም አንድ መስመር ሆነው ያልፋሉ። በሩ ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ንፋሱን መቋቋም አቅቶት እርስ በርሱ ተያያዘ። የጎማው ክር ከሥሬ ሲበጠስ ይሰማኛል፤ ትክ፣ ትክ፣ ትክ፣ እንደ ሰዓት። አዲስ ጎማ በአንድ ማለዳ አይፈነዳም የሚል ካለ እኔ ስነዳ አይቶ አያውቅም ማለት ነው። ከዚያ ድው!

ዱቄት ከመጫኛው ተነስቶ በአየር ላይ ሄዶ፣ ሄዶ፣ የሊጥ ማቡኪያው ውስጥ በአፍ ጢሙ ተተከለ። እግሩን ይዘው ሲያወጡት ሁለት ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው።

«መድፍ» አለ። «በፈጠረህ፣ ማረኝ።»

«ምን ታያለህ?»

«ጎኑ ነው። ጎኑ ነው የሚያልቀው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ለኔ አትንገረኝ። ለሷ ንገራት!»

አንገቱን ደፍቶ፣ ከጢሙ ሊጥ እየተንጠባጠበ፣ ሠራተኛው ሁሉ ፊት እህቴን ይቅርታ ጠየቃት። ብስክሌቱ ከእጇ እንደማይወጣ ማለላት። እኔም ሕግ ደነገግሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ጎማው እንደ ድንጋይ ይነፋል፣ ማንም አውራ ጣቱን አያስጠጋም፤ ኬኩ እንዳይሰነጠቅ ከፈለገ ሣጥኑ ውስጥ ወፍራም ስፖንጅ ይነጠፍ። ስፖንጅ ለምን ቀድሞ አልታሰበም ትሉ ይሆናል። እንደኔ ያለ ጭንቅላት በየቤቱ አይገኝማ!

ውጤቱን ማየት የሚፈልግ ሱቄ ይምጣ። ጎማው ይኸው ወራት አለፈው፤ ጎኑ ላይ አንዲት ጭረት የለም። ኬኩም ሳይሰነጠቅ ይደርሳል። እህቴም ብስክሌቷ ላይ ናት። ንዴቴ ብቻ ነው ያልወጣልኝ።

ትናንት ጠዋት ይህንኑ፣ አሁን እንደነገርኳችሁ አድርጌ፣ ፍሬን ሊያስጠብቁ ለመጡ አንድ ጡረተኛ መምህርና ለፋርማሲስቷ እየተረክሁላቸው ነበር። ዱቄት በአየር ላይ የሄደበት ቦታ ላይ ስደርስ መምህሩ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው የደረጃውን ግድግዳ ተደገፉ። እህቴ በዚያው መሃል ደረሰች። ብስክሌቷን አቆመች፣ እኔ ወሬዬን እስክጨርስ ሳትጠብቅ ፖምፓዬን አንስታ ጎማዋን ራሷ መንፋት ጀመረች።

«እትዬ» አሏት መምህሩ፣ እንባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ። «እስቲ አንቺ ንገሪን። እውነት ሰውዬው ማቡኪያው ውስጥ ገባ?»

ቀና አላለችም። የመንፊያዋን ክዳን እያጠበቀች ነበር።

«የለም» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጋሼ ዳቦ ቤቱ ገብቶ አያውቅም።»

«ጎማ ሻጩስ?»

«ጎማ ሻጩ ጋ የሄድኩት እኔ ነኝ። እሱ ነው ጎማውን ገልብጦ ያሳየኝ። ከዚያ የዳቦ ቤቱን ባለቤት ቢሯቸው ገብቼ አነጋገርኳቸው። የጮኸ ሰው የለም። ‹ስፖንጅ ብንሞክር› አልኳቸው፣ ‹እንሞክር› አሉ። አየሩንም የማስተነፍሰው እኔው ነበርኩ፤ እሳቸው አዘውኝ፣ ለኬኩ ብዬ። ማናችንም አላወቅንም።»

ፋርማሲስቷ ወደኔ ዞረች። እኔም ሳቅ አልኩና፣ «ታዲያ እኔ የት ነበርኩ ልትይ ነው?» አልኳት እህቴን።

«እዚሁ» አለችኝ። «የጮህከውም እኔ ላይ ነው፣ ጋሼ። ‹አንቺ ነሽ ጎማ የምትበዪው፣ ሰውየው ብስክሌቱን ይውሰድብሽ› ብለህ።»